ስዋራጅን የቀበረው ማን ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሕንድ የፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክ ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ ሕንዳውያን «ስዋራጅ» የሚሉትን ራስን በራስ የማስተዳደር ሐሳብ ከሥሩ ሊነቅል ሞክሯል። ክሶቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ስዋራጅ የአውሮፓ ብሔርተኝነት የሳንስክሪት ስም ወጥቶለት የቀረበ እንጂ የራሱ ይዘት የለውም፤ ጋንዲ እጅ ሲገባ ደግሞ ሆድንና ሥጋን ስለመግታት የሚሰብክ የባሕታዊ ትምህርት ሆኖ ድሃውን አደንዝዟል፤ በፈትል ስም ከዘመናዊነት ሸሽቷል፤ ግፍ ለደረሰባቸው ሕዝቦች፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጭምር፣ ዝም ብሎ መሞትን መክሯል፤ የላይኛዎቹ ካስቶች (በትውልድ የሚወረሱ ማኅበራዊ ደረጃዎች) መሣሪያ ስለነበረ፣ «የማይነኩ» ተብለው ከሁሉ በታች ከተቆጠሩት ወገኖች የተወለደው አምቤድካር ሙሉ በሙሉ ውድቅ አድርጎታል፤ በመጨረሻም የ1950ው ሕገ መንግሥት ቀብሮታል።

ጸሐፊው ብዙ ያነበቡ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ከጠቀሷቸው እውነታዎችም አብዛኞቹ ትክክል ናቸው። ጠቤ ከድምዳሜያቸው ጋር ነው። ስዋራጅን አንድ ጊዜ የግል ምግባር፣ ሌላ ጊዜ የመንግሥት ሥርዓት አድርገው ለየብቻ ይፈርዱበታል፤ እያንዳንዱ ብቻውን ሲቆም ደካማ መስሎ መታየቱ ደግሞ አይቀርም። እኔ የምከራከረው ግን የስዋራጅ ጉልበቱም ፈተናውም ሁለቱን አንድ ላይ በመያዙ ነው ብዬ ነው። በፍርሃት የሚኖር ሰው ራሱን አያስተዳድርም፤ በሌላው ሰው ላይ ያለውን ሥልጣን መግታት ያልቻለም ራሱን አያስተዳድርም። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ክስ ልጀምር። ጸሐፊው፣ አንጋፋው ፖለቲከኛ ዳዳባይ ናውሮጂ በ1906 በካልካታው የኮንግረስ (የሕንድ ብሔርተኞች ድርጅት) ጉባኤ ላይ ስዋራጅን የድርጅቱ ግብ አድርጎ ሲያውጅ «እንደ ታላቋ ብሪታንያ ወይም እንደ ቅኝ ግዛቶቿ ያለ» የራስ አስተዳደር ማለቱን ጠቅሰው፣ ነገሩ ከዚያ አልፎ እንደማያውቅ ይነግሩናል። ስለ ናውሮጂ ያሉት ትክክል ነው። ሽማግሌው የፈለገው ካናዳና አውስትራሊያ ያገኙትን ዓይነት ሥልጣን ነበር። የአንድን ሐሳብ ታሪክ በመጀመሪያው የጉባኤ አዋጅ ላይ ማቆም ግን የሚያስኬድ አይደለም፤ ምክንያቱም ከሦስት ዓመት በኋላ ይኸው ሐሳብ በናውሮጂ ዓይነቱ ትርጉም ላይ ፊት ለፊት ተነሥቶበታል።

በ1909 ጋንዲ በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ሕንዳውያንን አቤቱታ ይዞ ለንደን ሄዶ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ቀን አንድ ሕንዳዊ ተማሪ ኩርዞን ዋይሊ የተባለውን የእንግሊዝ ባለሥልጣን ለንደን ውስጥ በጥይት ገድሎ ነበርና፣ ጋንዲ በከተማዋ ያገኛቸው ወጣት ሕንዳውያን ንግግር ሁሉ ስለ ጠመንጃና ስለ ቦምብ ነበር። ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚመለስበት ኪልዶናን ካስል በተባለው መርከብ ላይ፣ ከኖቬምበር 13 እስከ 22 ባሉት አሥር ቀናት፣ በመርከቡ ወረቀት ላይ «ሂንድ ስዋራጅ» የተባለውን አነስተኛ መጽሐፍ በጉጅራቲ ቋንቋ ጻፈ። ቀኝ እጁ ሲዝልበት በግራው እየቀጠለ ነበር የጨረሰው። መጽሐፉ በአንባቢና በአዘጋጅ መካከል የሚካሄድ ምልልስ ነው። አንባቢው እንግሊዞችን አባርረን ጦራቸውን፣ መርከባቸውንና ክብራቸውን ለራሳችን እንያዝ ይላል። አዘጋጁ ሲመልስለት፣ አንተ የምትፈልገው ያለ እንግሊዛዊ የእንግሊዝን አገዛዝ ነው፤ የነብሩን ጠባይ ትፈልጋለህ፣ ነብሩን ግን አትፈልግም ይለዋል።

ጸሐፊው ይህን ዝነኛ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰውታል። ያልጠቀሱት ከእርሱ በኋላ ስለ ጣልያን የሚመጣውን ምዕራፍ ነው። አንባቢው ጣልያን ከኦስትሪያ ነፃ መውጣቷን በምሳሌነት ሲያነሣ፣ አዘጋጁ የጣልያን ንጉሥ ነገሠ እንጂ የጣልያን ሠራተኛ ምን አገኘ ብሎ ይጠይቀዋል። ቀጥሎም በሕንድ መሳፍንት ሥር ያለው ሕዝብ እየተፈጨ መሆኑን፣ የእነርሱ ግፍ ከእንግሊዞች ግፍ እንደሚከፋ፣ አገር መውደድ ማለትም የመላውን ሕዝብ ደኅንነት መሻት እንጂ ገዢው የገዛ ወገን እንዲሆን መመኘት እንዳልሆነ ይናገራል። የአውሮፓ ብሔርተኝነት ቅጂ ነው የተባለው መጽሐፍ የአውሮፓን ብሔርተኝነት ከነምሳሌው አንሥቶ ይሞግታል። የቦምቤይ መንግሥት በማርች 1910 መጽሐፉን ሲያግድ የሚያግደው ነገር ምን እንደሆነ በሚገባ የተረዳው አይመስለኝም፤ ያገደው ከዓመፅ የሚያርቅን መጽሐፍ ነበርና።

ጋንዲ ከሩሲያዊው ደራሲ ከቶልስቶይና ከእንግሊዛዊው ጸሐፊ ከራስኪን ወስዷል የሚለው እውነት ነው። እርሱ ራሱም አልደበቀውም፤ በመጽሐፉ መጨረሻ እንዲነበቡ ብሎ ከዘረዘራቸው ሥራዎች አብዛኞቹ የምዕራባውያን ናቸው። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነሥተው ሌላ ምንጭ አልነበረውም ወደማለት ይዘላሉ። ከሂንዱ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ በሆነው በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ሰባተኛ ክፍል ናራዳ የተባለው ሊቅ ሳናትኩማራ ወደተባለ መምህር መጥቶ ልታስተምረኝ እሻለሁ ይለዋል። መምህሩ አስቀድመህ የምታውቀውን ንገረኝ ሲለው ናራዳ አራቱን ቬዳዎች፣ ሰዋስውን፣ የቁጥርን ትምህርት፣ የከዋክብትን ዕውቀት፣ የጦርነትን ጥበብ፣ የእባብን መድኃኒት ሳይቀር ይዘረዝርና፣ ይህን ሁሉ ባውቅም ኀዘን ላይ ነኝ ብሎ ይጨርሳል። ከረጅም ትምህርት በኋላ የሚሰጠው መልስ፣ ራሱን ያወቀ ሰው የራሱ ገዢ ይሆናል፣ በዓለማት ሁሉ እንደ ፈቃዱ ይመላለሳል፣ ከዚህ ሌላ የሚያውቁ ግን ሌሎች ገዢዎች አሉባቸው የሚል ነው። ከእንግሊዞች መምጣት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ «ራሱን የሚገዛ» እና «ሌሎች የሚገዙት» ሰው ፊት ለፊት ቆመዋል ማለት ነው። ጋንዲ ከተከታዮቹ ጋር በሚኖርበት አሽራም ውስጥ በየዕለቱ ጸሎት ላይ ይነበቡ የነበሩት የሌላው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ የባጋቫድ ጊታ ሁለተኛ ምዕራፍ የመጨረሻ ስንኞችም፣ ደስታና መከራ የማያናውጡትን፣ ስሜቶቹን የሰበሰበውን ሰው የሚገልጹ ናቸው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የማራታው ንጉሥ ሺቫጂ ግዛቱን በዚሁ ስም ሲጠራ ቃሉ የፖለቲካ ትርጉምም እንደነበረው እናያለን። ጋንዲና በዘመኑ የነበሩት ሌሎች ሰዎች ያደረጉት ነገር ቢኖር፣ ተራርቀው የኖሩትን የቤተ ጸሎቱንና የቤተ መንግሥቱን ስዋራጅ ማገናኘት ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ክስ ይነሣል፤ ጸሐፊውም በይበልጥ የተጨነቁበት ይኸው ይመስለኛል። መልእክታቸው፣ ረሃብተኛን ፍላጎትህን ግታ ማለት ግፍ ነው የሚል ነው። ጋንዲ ስለ ምግብና ስለ ድንግልና በጻፈው ብዛት ልባቸው ቢደክም አልፈርድባቸውም፤ የእኔም ደክሟል። በ1906 ከትዳር ግንኙነት ለመራቅ የገባው ስእለትና በዚያ ዙሪያ በቤተሰቡና በተከታዮቹ ላይ የጫነው ሥርዓት ለስዋራጅ የግድ አስፈላጊ ነው ብዬ አልከራከርም። ሆኖም ጥያቄው ጋንዲ ምን በላ አይደለም፤ ይህ ሐሳብ ድሃው መንደር ሲደርስ ምን አደረገ የሚለው ነው። ለዚህ የተጻፈ መልስ አለ።

በቢሃር ግዛት በቻምፓራን አውራጃ እንግሊዛውያን የእርሻ ባለቤቶች ጭሰኞቻቸውን ከእያንዳንዱ ሃያ ካታ (የመሬት መለኪያ ነው) መሬት ሦስቱን ካታ በኢንዲጎ፣ ማለትም ሰማያዊ ማቅለሚያ በሚወጣበት ተክል፣ እንዲያለሙ ያስገድዱ ነበር። ጀርመኖች ሰው ሠራሽ ማቅለሚያ ካመጡ በኋላ የኢንዲጎ ገበያ ሲወድቅ፣ ባለርስቶቹ ጭሰኛውን ከግዴታው «ነፃ» ለማውጣት ገንዘብ አስከፈሉት፤ የመሬት ኪራይም ጨመሩበት። ጋንዲ በአፕሪል 1917 እዚያ ሲደርስ የመንግሥት ሹማምንት አውራጃውን ለቅቆ እንዲወጣ አዘዙት። አልወጣም አለ። በሞቲሃሪ ፍርድ ቤት ቀርቦ ትእዛዙን መጣሱን አምኖ ቅጣቱን ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን ሲናገር፣ ሺህ የሚቆጠር ገበሬ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ዳኛው ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ውሳኔውን አዘገየ፤ ክሱም ከበላይ በመጣ ትእዛዝ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ጋንዲና አብረውት የመጡት ጠበቆች የሺህ የሚቆጠሩ ጭሰኞችን ቃል አንድ በአንድ ተቀብለው መዘገቡ። ጠበቆቹ መጀመሪያ የመጡት እያንዳንዳቸው ወጥ ቤትና አሽከር ይዘው ነበር፤ ካስታቸው ስለሚለያይ አብረው አይበሉም ነበርና። በአንድ ማእድ እንዲበሉ ያደረጋቸው ጋንዲ ነው። እንግዲህ ስለ ምግብ የተነሣው የጋንዲ «የባሕታዊ ትምህርት» በተግባር ይህን ይመስል ነበር።

ድርድሩ ሲያልቅ ባለርስቶቹ ያላግባብ ከሰበሰቡት ገንዘብ ሃያ አምስት በመቶውን ብቻ እንዲመልሱ ተስማሙ። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰው ጋንዲ ድሃውን በሩብ ሸጠው ይላሉ። የጋንዲ መልስ ግን የታወቀ ነው፤ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሚበልጠው ባለርስቶቹ ለመመለስ መገደዳቸው ነው፣ ገበሬው ከዚህ በኋላ መብት እንዳለውና ተከላካይ እንዳላጣ አወቀ የሚል ነው። ይህን እንደ ማጽናኛ ንግግር ሊቆጥሩት ይችሉ ነበር፣ ቀጥሎ የሆነውን ባናውቅ ኖሮ። በ1918 የወጣው ሕግ የግዳጅ ኢንዲጎን ሻረ፤ ባለርስቶቹም በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሬታቸውን እየለቀቁ ወጡ። በመሐሉ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች በመንደሮቹ ትምህርት ቤት ከፍተው፣ ጉድጓድና መንገድ እያጸዱ፣ መድኃኒት እያደሉ ቆዩ። ጋንዲ በ1925 በያንግ ኢንዲያ ጋዜጣው ላይ እውነተኛ ስዋራጅ ጥቂቶች ሥልጣን በመያዛቸው አይመጣም፣ ሥልጣን አላግባብ ሲሠራበት ሁሉም ለመቋቋም አቅም ሲያገኙ ነው የሚመጣው ብሎ ሲጽፍ፣ ከስምንት ዓመት በፊት በሞቲሃሪ ግቢ ውስጥ ያየውን ነገር በቃል ማስቀመጡ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ በኋላ ጋንዲን ራሱን ልመዝንበት ነው።

ጸሐፊው በዚህ ክፍል ስለ ቻውሪ ቻውራም ያነሣሉ። በፌብሩዋሪ 1922 የተቆጣ ሕዝብ የፖሊስ ጣቢያ አቃጥሎ ሃያ ሁለት ፖሊሶች ሲሞቱ፣ ጋንዲ በመላ አገሪቱ እየተቀጣጠለ የነበረውን እንቅስቃሴ አቆመው፤ እስር ቤት የነበሩት፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኔህሩና ሌሎቹ፣ በጣም አዘኑ። የራሱን ነፍስ ንጽሕና ለመጠበቅ ሲል የሕዝብን ትግል ሠዋ ይላሉ ጸሐፊው። የፖለቲካ ውሳኔው ስሕተት ነበር የሚል ሰው ቢመጣ እሰማዋለሁ። የግል ነፍስ ጉዳይ ነበር የሚለውን ግን አልቀበልም። ፖሊሶቹም ሕንዳውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹ የድሃ ልጆች ናቸው። ሕዝቡ በእነርሱ ላይ ያገኘውን የአንድ ከሰዓት ሥልጣን የተጠቀመበት መንገድ ነገ በመንግሥት ወንበር ላይ የሚያሳየውን ጠባይ ይናገራል ብሎ መፍራት ማኅበራዊ ስጋት ነው።

ጋንዲ ሕንዳውያን ሁሉ በእጃቸው እንዲፈትሉበት የሰበከለት የመፍተያ መንኰራኵር ነገር ብዙ አያቆየኝም። ጸሐፊው ባለቅኔውን ታጎርን ምስክር አድርገው ጠርተዋል፤ ታጎርም በ1921 እና በ1925 በጻፋቸው ጽሑፎች ሁሉም ሰው ሳይመረምር «ፍተል» በመባሉ ብቻ የሚፈትልበትን አገር አጥብቆ ነቅፏል። ነገር ግን የነቀፈው ከየት ቆሞ ነው? ያልመረመረ አእምሮ ራሱን አያስተዳድርም በሚል ነው። ባለቅኔው ስዋራጅን ከጋንዲ ተከታዮች እየተከላከለለት ነበር፤ ለመንደር ልማት ብሎ በ1922 ስሪኒኬታንን ያቋቋመውም በዚሁ መንፈስ ነው። ጋንዲ በኦክቶበር 1921 በሰጠው መልስ ታጎርን ታላቅ ዘብ ብሎ አመስግኖ፣ ለተራበና ሥራ ለፈታ ሕዝብ እግዚአብሔር ሊገለጥለት የሚደፍረው በሥራና በእንጀራ ተስፋ መልክ ብቻ ነው አለው። ስለ ጭፍን ታዛዥነት በተነሣው ክርክር ታጎር አሸንፏል፤ ስለ ረሃብ በተነሣው ደግሞ ጋንዲ። ከመሣሪያ፣ ማለትም ከማሽን፣ ሁሉ ሸሸ የሚባለውም ቢሆን ልክ አይደለም፤ በ1924 ሲጠየቅ የምቃወመው የመሣሪያ አምልኮን እንጂ መሣሪያን አይደለም ብሎ የሲንገርን የልብስ ስፌት መኪና በበጎ ምሳሌነት አንሥቷል፤ ሲንገር ሚስቱ በእጅዋ ስትሰፋ እንዳትደክም ብሎ ፈጠረው ብሎ ያምን ነበርና።

ስለ ኢትዮጵያ የተነሣው ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በአዲስ አበባ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን የተገላገሉበት ሆስፒታል በስሙ የሚጠራው ጋንዲ፣ በ1930ዎቹ ሐሪጃን በተባለው ጋዜጣው ላይ፣ አበሾች የጠንካሮችን ዓመፅ አልባነት ይዘው ቢሆን ኖሮ ለሙሶሊኒ አገሪቱን መውረር ትርጉም ያጣበት ነበር የሚል ሐሳብ ጽፏል። የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ለወረደበት ሕዝብ ይህ ምክር እንዳልሆነ ጸሐፊው ሲሉ እስማማለሁ፤ ከእርሳቸው ባልተናነሰ ይከነክነኛል። ነገር ግን ይህ የዓመፅ አልባነት ክርክር እንጂ የስዋራጅ ክርክር አይደለም። «ስዋራጅ የልደት መብቴ ነው» ያለው ቲላክ ዓመፅን በመርሕ ደረጃ አላወገዘም፤ በ1908 በአመፅ ቅስቀሳ ተከስሶ ስድስት ዓመት በማንዳሌይ እስር ቤት ሲቆይ ስለ ጊታ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍም ጽድቅ ለሆነ ተግባር መነሣትን የሚያስተምር ነው። ሌላው የዘመኑ ብሔርተኛ ኦሮቢንዶም በፖለቲካ ዘመኑ ዓመፅ አልባ ተቃውሞን ያየው እንደ ስልት እንጂ እንደ ሃይማኖት ሕግ አልነበረም። ሁለቱም ስዋራጅን የመንፈስም የአገርም ጉዳይ አድርገው አስተምረዋል። የጋንዲን አንድ ምክር ተቃውሞ ሐሳቡን በሙሉ መጣል የሌሎቹን ድምፅ መሰረዝ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው የአምቤድካር ጉዳይ ነው፤ ጸሐፊውም በትክክል የጽሑፋቸው ማእከል አድርገውታል። በ1936 በራሱ ወጪ ካሳተመው ስለ ካስት መጥፋት ከሚናገረው ንግግሩ፣ የካስት ትግል «ከስዋራጅ ይበልጣል» የሚለውን ጠቅሰው፣ እነሆ ውድቅ አደረገው ይላሉ። ንግግሩ መጀመሪያ ለላሆር አንድ ማኅበር ተዘጋጅቶ፣ ጋባዦቹ ይዘቱን አይተው ጉባኤውን የሰረዙት ነው። ጥቅሱ ግን እዚያ አያልቅም። አምቤድካር የሚቀጥለው፣ ልትከላከሉት የማትችሉት ስዋራጅ ጥቅም የለውም፣ ካስት የሌለበት ኅብረተሰብ ሳይፈጠር የሚገኝ ስዋራጅም ወደ ባርነት የሚወስድ አንድ እርምጃ ከመሆን አያልፍም ብሎ ነው። በስዋራጅ ትግል አገሩ ሁሉ ከጎንህ ይቆማል፣ በዚህኛው ግን ከገዛ አገርህ ጋር ትታገላለህ ያለውም እዚያው ነው። ይህ ስዋራጅን የናቀ ሰው ንግግር አይመስለኝም። ግማሹን ብቻ ይዛችሁ ሙሉው ተገኘ አትበሉ የሚል ሰው ንግግር ነው።

ከቃሉ ይልቅ ሥራው የበለጠ ይናገራል። በማሃራሽትራ ማሃድ በምትባል ከተማ ቻቭዳር የሚባል የውኃ ገንዳ አለ። የቦምቤይ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1923 የሕዝብ የውኃ ቦታዎች «የማይነኩ» ለተባሉትም ክፍት እንዲሆኑ ወስኖ፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤትም ተቀብሎት ነበር፤ ከብት የሚጠጣበትን ያን ውኃ ግን የማይነካ የተባለ ሰው ሊደፍረው አልቻለም። ማርች 20 ቀን 1927 አምቤድካር በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን እየመራ ወደ ገንዳው ወርዶ በእጁ ጨልፎ ጠጣ፤ የተከተሉትም ጠጡ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ቤተ መቅደሱ ሊገቡ ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ ሰዎቹ በዱላ ተደበደቡ፤ ገንዳውም በላም ፋንድያ፣ ሽንት፣ ወተትና እርጎ በተሞሉ 108 ማሰሮዎች «ተቀደሰ»። በዲሴምበር ለሁለተኛ ጊዜ በተሰበሰቡ ጊዜ አምቤድካር፣ ወደ ገንዳው የምንሄደው ውኃ ልንጠጣ ብቻ አይደለም፣ እንደ ሌሎቹ ሰዎች መሆናችንን ልናረጋግጥ ነው አለ፤ የካስትን ሕግ የያዘውን የማኑ መጽሐፍም እዚያው አቃጠሉት። ክርክሩ በፍርድ ቤት ቆይቶ በ1937 ተፈረደላቸው። ያን ተግባር አምቤድካርና ባልደረቦቹ የሰየሙት «ሳትያግራሃ» ብለው ነው፤ የጋንዲን ትግል ስም ማለት ነው። በሞቲሃሪ ግቢ የተሰበሰበው ገበሬና በቻቭዳር ገንዳ ጎንበስ ያለው ዳሊት፣ ማለትም «የማይነካ» የተባለው ሰው፣ ያደረጉት ነገር በመሠረቱ አንድ ነው፤ ፍርሃታቸውን በአደባባይ አውልቀው ጣሉ። የሚለያቸው ተቃዋሚያቸው ነው፤ ለአንዱ እንግሊዛዊ፣ ለሌላው የመንደሩ ሰው።

አሁን ጋንዲን በራሱ ሚዛን ልመዝነው ወዳልኩት እመለሳለሁ። በ1932 የእንግሊዝ መንግሥት ለማይነኩት ወኪሎቻቸውን ራሳቸው ብቻ የሚመርጡበት የተለየ የመራጮች መዝገብና 71 መቀመጫ ሲፈቅድ፣ ጋንዲ በየራቭዳ እስር ቤት ሆኖ እስከ ሞት እጾማለሁ አለ። ጾሙን ሴፕቴምበር 20 ጀመረ፤ በዚያው ወር 24 ቀን አምቤድካር የፑናን ስምምነት ፈረመ፤ መቀመጫው ወደ 148 ከፍ ብሎ የተለየው መዝገብ ቀረ። የጋንዲ ስጋት ኅብረተሰቡ ለዘለዓለም እንዳይከፈል ነበር፤ የቁጥሩ ጭማሪም ቀላል አይደለም። ነገር ግን አምቤድካር እምቢ ቢልና ጋንዲ ቢሞት በየመንደሩ በዳሊቶች ላይ የሚወርደውን በቀል ማንም ያውቀው ነበር። ሥልጣን አላግባብ ሲሠራበት የመቋቋም አቅም ለሁሉም ይሁን ያለ ሰው፣ በዚያ ሳምንት ከሁሉም ደካማ የነበሩትን ወገኖች እምቢ የማለት አቅም ነሥቷል። ይህን ፍርድ ከጸሐፊው ጋር እጋራለሁ። የምለየው፣ ይህን ለማየት ከስዋራጅ ውጭ መቆም አያስፈልግም በማለቴ ነው። የ1925ቱ የጋንዲ ዓረፍተ ነገር በራሱ ይበቃል። የካስት ተቃዋሚው ፑሌ በ1873 ስለ ባርነት ሲጽፍ የጀመረውን፣ አምቤድካር የቀጠለውን ክርክር «የላይኛዎቹ ካስቶች መሣሪያ» በሚል ስም ከጠቀለልነው፣ የታችኛዎቹን ካስቶች ድርሻ ከዚህ ሐሳብ ታሪክ የምናወጣው እኛው ነን።

የመጨረሻው ክስ ሕገ መንግሥቱ ስዋራጅን ቀበረው የሚለው ነው። ማስረጃቸው ሁለት ነው፤ ኔህሩ በ1945 ለጋንዲ በጻፈው ደብዳቤ መንደር በአእምሮም በባህልም ኋላ ቀር ነው ማለቱ፣ የአርቃቂው ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበረው አምቤድካርም ኖቬምበር 4 ቀን 1948 በሕገ መንግሥት ጉባኤው ላይ መንደርን የድንቁርናና የጠባብነት ጎሬ ብሎ መጥራቱ። ሁለቱም ተብለዋል። የመጀመሪያው ረቂቅም ስለ መንደር ጉባኤ፣ ስለ ፓንቻያት፣ ምንም አላለም ነበር። ጸሐፊው ግን ታሪኩን ኖቬምበር 4 ላይ ያቆሙታል። የጉባኤው አባላት በተቃውሞ ተነሥተው፣ በዚያው ወር 22 ቀን ሳንታናም የተባለው አባል መንግሥት የመንደር ፓንቻያቶችን እንዲያደራጅና ራሳቸውን ማስተዳደር የሚችሉበትን ሥልጣን እንዲሰጣቸው የሚል ማሻሻያ ሲያቀርብ፣ ተነሥቶ ማሻሻያውን እቀበላለሁ ያለው አምቤድካር ነው። አንቀጽ 40 ሆኖ ዛሬም አለ። በፍርድ ቤት የማይጠየቅበት የመመሪያ አንቀጽ ስለነበረ ከአርባ ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየቱን አልክድም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም። በ1992 ጸድቆ አፕሪል 24 ቀን 1993 ሥራ ላይ የዋለው 73ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ፓንቻያቶች በየአምስት ዓመቱ እንዲመረጡ ግዴታ አደረገ፤ የመንደሩ መራጮች በሙሉ የሚሰበሰቡበትን ግራም ሳባን በሕገ መንግሥት ደረጃ አቋቋመ፤ ከመቀመጫዎቹና ከሊቀ መንበርነቱ ቢያንስ ሲሶው ለሴቶች፣ እንዲሁም በሕዝባቸው ቁጥር ልክ ለዳሊቶችና ለነባር ጎሳዎች እንዲጠበቅ ደነገገ። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶች በእነዚህ ምክር ቤቶች ውስጥ ይገኛሉ። የመንደሩን ጉባኤ ከጋንዲ፣ የተጠበቀውን መቀመጫ ከአምቤድካር የወሰደ ድንጋጌ ነው። አምቤድካር የፈራው መንደር፣ ማለትም ጥቂት ባለመሬቶች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሌላውን ዕድል የሚወስኑበት፣ በዚህ ሕግ ቢያንስ በወረቀት ላይ ሕገ ወጥ ሆኗል።

በወረቀት ላይ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ ቦታ የተመረጠችው ሴት ስሟ በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ባልዋ ነው፤ ሕንዳውያን «ሳርፓንች ፓቲ»፣ የሊቀ መንበሯ ባል፣ ብለው ስም እስኪያወጡለት ድረስ የተለመደ ነው። በዳሊት ሊቀ መንበር ሰብሳቢነት ወንበር ላይ አንቀመጥም፣ ሰንደቅ ዓላማ አያውለበልብም የሚሉ መንደሮችም አሉ። ብዙ ክልሎች ሥራውን ለፓንቻያቱ ሲሰጡ ገንዘቡን ከዋና ከተማቸው አላወጡም። በአንጻሩ ደቡባዊቷ ክልል ኬረላ ከ1996 ጀምሮ ከልማት ዕቅድ በጀቷ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ለአካባቢ ምክር ቤቶች አውርዳ፣ የመንገዱንና የጉድጓዱን ቅደም ተከተል የመንደሩ ጉባኤ እንዲወስን አደረገች። ጸሐፊው የስዋራጅን መቃብር ፍለጋ ወደ 1950 ከሚመለሱ ይልቅ፣ ገንዘቡን የያዘው ክልል ለምን እንደያዘ፣ ኬረላስ ለምን እንደለቀቀች፣ ባልዋን ከወንበሩ ያስነሣችው ሴት በምን አቅም እንዳስነሣችው ቢጠይቁ፣ ክርክራችን በአንድ ጉዳይ ላይ ይሆን ነበር።